የመፀው መንገድ፤ ዓፄ ቴዎድሮስ በጋይንት

በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት፥ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠነክር፥ እኛ አራት ጓደኛሞች ብስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነን ደብረ ታቦር ገባን። አሳባችን ከዚያ ተነሥተን የጉናን ተራራ በስተቀኝ እያየን በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ጋይንት መዝለቅ፥ ማታ ማታ ድንኳን ተክለን ማደር፥ ከተቻለም ጨጨሆ ድረስ መድረስ ነበር። ለሽርሽር እንጂ ለምርምር አልወጣንም። ነገር ግን በዚያ አገር በመፀው ወራት በመንኰራኵር ለመጓዝ የመጀመሪያዎቹ እኛ እንዳልሆንን የተረዳነው ገና አንደኛውን አቀበት ሳንጨርስ ነው። ከመካከላችን የታሪክ ተማሪ የሆነው፥ ብስክሌቱን እየገፋ ትንፋሹ እየተቈራረጠ፥ ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ አስጭነው በዚሁ አቅጣጫ ያለፉት በመስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መሆኑን አስታወሰን። በአገራችን አቈጣጠር መፀው የሚገባው መስከረም 26 ቀን ነውና ንጉሡ የተነሡት መፀው በገባ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

የኛ ብስክሌት ከነድንኳኑ፥ ከነበሶውና ከነድስቱ ቢመዘን 30 ኪሎ ቢሆን ነው። የንጉሡ መድፍ ብቻውን ወደ 7 ቶን ይጠጋ ነበር። ይህን ካሰብን በኋላ ስለ አቀበቱ ማጉረምረም አሳፈረን፤ ማጉረምረሙን ግን አልተውነውም።

ያን ማታ በድንኳኑ ውስጥ ክርክር ተነሣ። የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን እንደ አብዛኞቻችን ሁሉ ቴዎድሮስን የሚወድ ነው። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ የጋይንት ገበሬ ልጅ ነውና ብዙ ሳይናገር ቈይቶ፥ በቤታቸው የንጉሡ ጀግንነት እንደሚነገር፥ ነገር ግን የሠራዊቱ ማለፍ የሚነገረው እንደ አንበጣ ዓመት መሆኑን ገለጸልን። ሌሎቻችን ዝም አልን። ስለ ቴዎድሮስ ልብ ወለድ አንብበናል፥ ቲያትር አይተናል፤ የዚያን መንገድ ሒሳብ ግን ከገበሬው ወገን ሆነን አስልተነው አናውቅም ነበር። ከጉዞው ስንመለስ በቤተ መጻሕፍት ያገኘነውንና በመንገድ ያየነውን አንድ ላይ አድርገን ለመጽሔታችን አንባብያን ለማቅረብ የተነሣነው ከዚህ የተነሣ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ነበሩ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ድህነት ስለ ደረሰባቸው ጠላቶቹ በኋላ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰድበውታል፤ ስድቡም እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ እሾኽ ሲወጋው ኖሯል። ለትምህርት የተሰጠው ለገዳም ነው። ገዳሙ በወራሪዎች ሲመታና ጓደኞቹ የሆኑ ሕፃናት ሲያልቁ እሱ አምልጦ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ሄደ። ስለዚህ የኋለኛው ንጉሥ በመጀመሪያ ፊደል የቈጠረ የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር ማለት ነው። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጋይንት መንገድ ላይ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች አኵፋዳቸውን አንግተው በየመንደሩ ሲለምኑ ደጋግመን አግኝተናል፤ ጋይንት የድጓ ምስክር የሚሆንባት የቤተ ልሔም አገር ነውና ከሩቅ አውራጃ ሁሉ ይመጡባታል። ከነሱ አንዱ ብስክሌታችንን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ የኛ ትምህርት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠየቀን። አራት ዓመት መሆኑን ስንነግረው ሐዘኔታ በተሞላበት ዓይን ተመለከተን። ለካ ለሱ አራት ዓመት መግቢያው ነው።

ወደ ካሣ እንመለስ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ንጉሠ ነገሥት የሚባለው በጐንደር በስም ተቀምጦ አገሩን የሚገዙት መኳንንት ናቸው፤ ከነሱም በላይ የነበሩት የየጁው ራስ ዓሊ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። ካሣ ድርሻዬ ተወሰደ ብሎ በቋራ በረሃ ሸፈተ። ከነጋዴና ከጠላት የነጠቀውን ለገበሬ ማረሻ መግዣ ያከፋፍል እንደ ነበር ይነገርለታል። ኃይሉ እየበረታ ሲሄድ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ድረው ሊያለዝቡት አሰቡ። ጋብቻው የተፈጸመው ለፖለቲካ ሲሆን ፍቅሩ ግን እውነተኛ ሆነ፤ ተዋበች ከአባትዋ ይልቅ ለባልዋ አደረች። ካሣ በበኩሉ በአማቱ ላይ መሸፈቱን አልተወም፤ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን እንኳ በጦርነት ማርኳቸዋል።

በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ቦታ ከግብፆች ጋር ያደረገው ውጊያ በኛ አስተያየት ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ሕይወቱን የወሰነ ነው። ፈረሰኞቹ በምሽግና በመድፍ ፊት እንደ ቅጠል ረገፉ። ካሣ ከዚያ ይዞት የተመለሰው ቂም ብቻ አይደለም፤ ያለ መድፍ አገር አይጠበቅም የሚል እምነት ነው። ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ በጋይንት ዳገት ላይ 7 ቶን ብረት ሲጐተት የምናየው የዚያን ቀን ትምህርት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ የሄደ ነው። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ የጐጃሙ ደጃዝማች ጐሹ ወደቁ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ራስ ዓሊ በአይሻል ተሸነፉና ዘመነ መሳፍንት አበቃለት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ተሸነፉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካሣ በዚያችው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዓፄ ቴዎድሮስ ተባለ። እኛም ከዚህ ወዲህ አንቱ እንላቸዋለን።

ንጉሡ ምን ለማድረግ እንዳሰቡ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ስለዚህ አናስረዝመውም። ወሎንና ሸዋን በአንድ ዓመት ውስጥ አስገበሩ። ወታደሩ በደመወዝ ይኑር፥ ገበሬውን አይዝረፍ አሉ። የቤተ ክርስቲያንን ርስት ሊወስኑ ሲነሡ ካህናቱን አጡ። የመሳፍንቱን ርስት ሲነኩ መሳፍንቱ በየአውራጃው ሸፈቱ። ሸፍታው ሲበዛ ሠራዊቱ መቀለብ አለበት፤ ደመወዙ የለም፤ ስለዚህ ሠራዊቱ ያንኑ አይነካ የተባለውን ገበሬ ዘረፈ፤ የተዘረፈው ገበሬም ሸፈተ። የዘመነ መንግሥታቸው አሳዛኝ ክበብ ይህ ነው። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። አማካሪዎቻቸው የነበሩት እንግሊዛውያኑ ፕላውደንና ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል በ1852 እና በ1853 ዓ.ም. ተከታትለው ሞቱ። ከዚያ በኋላ ቁጣቸውን የሚያበርድ ሰው በአጠገባቸው አልተገኘም።

በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ በለንደን በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ቀረ። ንጉሡም ቈንስሉን ካሜሩንንና ሌሎችን ፈረንጆች አሰሩ። ለሌላ መንግሥት አንድ የተረሳ ወረቀት ነበር፤ ለኢትዮጵያ ግን ጦር ይዞ መጣ።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። በዚያ ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪስኮና የመጡ ሚሲዮናውያን የእጅ ሥራ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ለወንጌል የመጡትን ሰዎች ንጉሡ መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አልተማሩም፤ ሆኖም ምድጃ ሠርተው፥ አፍርሰው፥ ደግሞ ሠርተው፥ በመጨረሻ ናሱን አቅልጠው ያን ግዙፍ ሞርታር አወጡት። ስሙም በክሪሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ሴባስቶፖል ተባለ። ያን ጊዜ ንጉሡ በእጃቸው የቀረው አገር ደብረ ታቦርና መቅደላ፥ በመካከሉም ሠራዊታቸው የቆመበት መሬት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል፤ ላስታን ዋግሹም ጎበዜ ይዟል። ጐንደርን ንጉሡ ራሳቸው በኅዳር 1859 ዓ.ም. ዘርፈው አቃጥለዋታል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባንም።

እንግዲህ የመስከረም 30ው ጉዞ እንዲህ ባለ ጊዜ ተጀመረ። ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጠሏት። ከኋላ የሚመለሱበት ቤት አልነበረም። መድፎቹና ልዩ ልዩ ዕቃው በሠረገላ ተጫኑ፤ የጋፋት ፈረንጆች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ተከተሉ፤ በሰንሰለት የታሰሩ ብዙ አገሬዎችም በሰልፉ ውስጥ ነበሩ። ተዋጊው ጥቂት ሺህ ቢሆንም ሴቱ፥ ሕፃኑና ጓዝ ተሸካሚው ሲቈጠር ሰፈሩ አርባ አምሳ ሺህ ነፍስ የያዘ ነበር ይባላል። ማታ ሲሰፍር ከተማ ነው፤ ጧት ሲነሣ ባዶ ሜዳ ነው።

አሁን መንገዱን እንመልከት። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያሻግረው የመኪና መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ዕርዳታ የተቀደደ ሲሆን የአገሩ ሰው እስካሁን የቻይና መንገድ ይለዋል። በ1860 ዓ.ም. ግን ከበቅሎና ከእግር መሄጃ በቀር ምንም አልነበረም። በበቅሎ መሄጃ ሠረገላ አይሄድም። ስለዚህ መንገዱ አስቀድሞ መሠራት ነበረበት። ድንጋዩ በዶማና በብረት ዘንግ ይፈነቀላል፤ አልፈነቀል ያለው በባሩድ ይፈነዳል፤ ፈፋው በቅርንጫፍና በአፈር ይሞላል፤ ዳገቱ እየተቈረሰ ይጠመዘዛል። ከዚያ በኋላ መቶዎች ሰዎች በጠፍርና በገመድ ሴባስቶፖልን ይስባሉ። አቀበቱን መሳብ አንድ መከራ ነው፤ ቍልቍለቱን ይዞ ማውረድ ግን የባሰ ነው። ይህን እኛ በአቅማችን ቀምሰነዋል። ከአንዱ ጠመዝማዛ ቍልቍለት ላይ የአንዳችን ፍሬን አልይዝ ብሎ ጓደኛችንን ከነብስክሌቱ በገብስ ማሳ ውስጥ ነው ያገኘነው፤ ባለ ማሳው ሰውዬ አስቀድመው እሱን፥ ቀጥለው ገብሱን አዩና ሳቁ። ሰባት ቶን ቢያመልጥ የሚስቅ አይኖርም።

ንጉሡ ድንጋይ በገዛ እጃቸው ያነሡ ነበር። በዚህ ነገር የጠሉአቸውም የወደዱአቸውም ይስማማሉ። ጎሕ ሳይቀድ ከድንኳናቸው ወጥተው ከሠራተኛው ፊት ይቆማሉ፤ መንገዱ የት መታጠፍ እንዳለበት የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ ሲደክማቸው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያሠራሉ። መንገድ ሥራ ለነሱ አዲስ አልነበረም፤ ከዚያ ቀደምም ከደብረ ታቦር ወደ ሌሎች አገሮች የሚወስዱ መንገዶችን አስጀምረዋል። የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን ከሁሉ ይበልጥ የሚወደው ይህን ቴዎድሮስ ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ዘውድ የጫነ ሰው በአገራችን ድንጋይ ሲሸከም ብዙ ጊዜ አልታየም።

ይሁን እንጂ የጋይንቱ ጓደኛችን በዚህ ቦታ ላይ አንድ ጥያቄ አነሣ። አርባ ሺህ ሰው በቀን ምን ይበላል? ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱን ግን ጥቅምትና ኅዳር የሚሆኑትን ወራት የሚያውቅ ሰው ብቻ ይመልሰዋል። በጋይንት ደጋ በዚያ ጊዜ ገብሱ በማሳ ላይ ነው፤ ጎተራው ከክረምቱ ወዲህ ባዶ ነው፤ ገበሬው ዓይኑን እሸቱ ላይ ጥሎ ነው የሚኖረው። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ ከተማ የሚያህል ሰፈር በማሳው መካከል ተተክሎ፥ በቀን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ እየሄደ፥ አንዳንዴም ከነጭራሹ ሳይነቃነቅ ይሰነብታል። ጦር ቢሮጥ አንድ ሌሊት ዘርፎ ያልፋል። መድፍ የሚጐትት ጦር ግን አይሮጥም። አገሩ በሸፈተበት ዘመን ደግሞ መኖና እህል ፍለጋ የሚወጣው ወታደር ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ገበሬ ያገኛል፤ ወደ ኋላ የቀረ ሰው አይመለስም። መንገዱ ወደ ፊት በተከፈተ ቍጥር ከኋላ አገሩ ይዘጋ ነበር። በዚህ ላይ በድንኳኑ ውስጥ ብዙ ተከራከርን፤ አልተስማማንም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የጋይንቱ ጓደኛችን ጥያቄ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ቀርቶ መቅረት አልነበረበትም እንላለን።

በሁለተኛው ቀን ነፋስ መውጫ ደረስን፤ ከደብረ ታቦር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ሰምተን ለምን እንደዚያ ተባለ ብለን ሳንጠይቅ ከከተማው ውጭ ድንኳናችንን በገላጣ ስፍራ ተከልን። እኩለ ሌሊት ላይ ተረዳነው። ካስማው ተነቅሎ ድንኳኑ በላያችን ሲወድቅ፥ አንዱ ድንኳኑን፥ አንዱ ድስቱን ሲያባርር፥ አንዲት እናት ከሩቅ ኩራዝ ይዘው ወጥተው እናንት ልጆች ለምን ቤት አትገቡም ብለው ተቈጡን፤ ሳንግደረደር ገባን። ጧት ትኩስ ድንች ከአዋዜ ጋር አቅርበውልን ገንዘብ ብንሰጣቸው እንደ ስድብ ቈጠሩት። ከዚያ ደጋ ጫፍ ወደ ደቡብ ሲታይ አገሩ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ይወርዳል፤ ከዚያም ማዶ በሽሎ ወደ ዓባይ የሚፈስበት ጥልቅ ቆላ ነው፤ በስተምዕራብ ደቡብ እስቴ ይቀራል። ንጉሡ ቆላውን ትተው በደጋው ጀርባ መሄዳቸው ለምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ በዓይናችን አየን። በስማዳ በኩል መድፍ ቢወርድ የሚያወጣው ኃይል በምድር ላይ አልነበረም።

ጨጨሆ የጋይንት መጨረሻ ነው። በዚያ ብስክሌት አይነዳም፤ ብስክሌት በሰው ላይ ይሄዳል። የንጉሡ ሰዎች ያን ዳገት መድፎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ነው ያለፉት። የወጣውን የሚጠብቅ፥ ያልወጣውን የሚስብ፥ ከፊት የሚቀጥለውን የሚቈፍር ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው ግን በየሌሊቱ እየከዳ ያንስ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ዋድላ ደጋ ወጥተው ገና ሲቃረብ ቤተ ሖር ደረሱ። በጥር ወደ ጅጣ ገደል ወረዱ፤ በየካቲት ዳውንት ላይ ወጡ፤ በመጋቢት በሽሎን ተሻግረው በመቅደላ አፋፍ በእስላምጌ ሰፈሩ። ፈጣን እግረኛ በቀናት የሚጨርሰው መንገድ አምስት ወር ተኩል ፈጀ። ሴባስቶፖል ደረሰ።

በዚያው ጥቅምት፥ ንጉሡ በጋይንት ድንጋይ ሲፈነቅሉ፥ የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ቀይ ባሕር ዳር በዙላ ወረደ። ጄኔራል ናፒየር ራሱ በታኅሣሥ ማብቂያ ደረሰ። ወደ 13,000 ወታደር፥ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች፥ በዙላ ሜዳ ላይ የተዘረጋ የባቡር ሐዲድ ነበረው። የሚበላውን በማርያ ተሬዛ ብር ይገዛ ነበርና ገበሬው እህሉን ራሱ ተሸክሞ አመጣለት። ይህ ነጥብ እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የምንዘለው ነው። ደግሞ የሚገርመው፥ የናፒየር ጦር በዋድላ ደጋ ላይ ሲደርስ ወደ ጅጣና ወደ በሽሎ የሚወርድ፥ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ሰፊ መንገድ ተዘጋጅቶ አገኘ። የንጉሡ መንገድ ነው። መሐንዲሶቹ አደነቁት፤ ዝሆኖቹም ሄዱበት።

በሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በቁጣ ከታሰሩት አገሬዎች በመቶ የሚቈጠሩትን አስገድለው ከገደል አስጣሉ። በማግሥቱ፥ በስቅለት ዕለት፥ ሠራዊታቸው ወደ አሮጌ ሜዳ ወርዶ ከስናይደር ጠመንጃና ከሮኬት ጋር ተጋጠመ። ፊታውራሪ ገብርዬ ከነብዙ ሰው ወደቀ፤ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከእንግሊዞች የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ድካም የተደከመለት ሴባስቶፖል በዚያ ቀን ምንም አልፈየደም። ንጉሡ የታሰሩትን ፈረንጆች ሰደዱ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። በሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግሥት፥ እንግሊዞች የመቅደላን በር ሲሰብሩ ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

እንግሊዞች የመቅደላን ብራና በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው አምባውን አቃጥለው በመጡበት ተመለሱ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ሞቱ፤ የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። ሴባስቶፖልን ማንም ሊያወርደው አልቻለም፤ ዛሬም በመቅደላ ላይ አለ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው፤ በየቀኑ በአጠገቡ የምናልፍ ሁላችንም የምናየው እሱን ነው።

እኛ ከጨጨሆ አላለፍንም። ሁለት ጎማ ተነፍሶ፥ መለጠፊያውም አልቆ ነበር። የጋይንቱ ጓደኛችን ብስክሌቱን በአንድ የጭነት መኪና ላይ ጫነና ወላጆቹን ለመጠየቅ ወደ አርብ ገበያ ሄደ፤ እኛ ሦስታችን በቀሩት ብስክሌቶች እየተፈራረቅን ወደ ነፋስ መውጫ ተመለስን፤ ያችን እናትም ድጋሚ አስቸገርናቸው።